ለሁለተኛው ማን ነገረው?

ዕቁቡ በወጣልኝ ማግስት ታይዋን ገበያ ገብቼ፣
የሁለት ዓመት ቁጠባዬን በአንድ ካርቶን ለውጬ ወጣሁ፣ ዓይኔን አብርቼ።
«ሁለት ግራፊክስ ነው ያለው» አለኝ ሻጩ ኢምራን፣
«አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለጌም፤ አቦ፣ ይሄ እኮ አውሬ ነው፣ እመን!»

አውሬውን አቅፌ ደቻቱን ተሻገርኩ።
ወንዙ አሸዋ ነበር፤
ድልድዩ ላይ ቆሜ የካርቶኑን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩ።

ማታ የመኪና ውድድር ከፈትኩ።
መኪናዬ ትነሳለች፣ ትቆማለች፣ ትነሳለች፣
ገደል አፋፍ ላይ ተሰቅላ ታስባለች።
መሪውን ወደ ግራ ስል ከሦስት ሰከንድ በኋላ ትሰማለች፤
እስከዚያ ግን ሞታለች።
ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር አሥራ አንድ ትላለች፣ ዘጠኝ ትላለች፤
የእህቴ የነኢማ ስንጥቅ ስልክ እንኳ ከዚህ ትሻላለች።

ሙቀቱ ነው አልኩ። ድሬ ናት፣ ግንቦት ነው፣
ግድግዳው በእኩለ ሌሊትም እጅ የሚልጥ ነው።
ቬንትሌተሩን ከእናቴ ራስጌ ሰርቄ አዞርኩበት፣
በተገለበጡ አራት ብርጭቆዎች ላይ አሳረፍኩት።
አሥራ ሁለት።

ድራይቨሩ ነው አልኩ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ እስኪነጋ አወረድኩ፣
አጠፋሁ፣ ጫንኩ፣ አጠፋሁ፣ ጫንኩ።
ጥላውን አጥፋ፣ ሣሩን አጥፋ፤
ከተራራው ዛፍ ጠፋ፣ ከመንገዱ ዳር ሰው ጠፋ፣
ድፍን ዓለም የጭቃ ጡብ ሆነ።
አሥራ አራት።

«ሸወደኝ!» ብዬ ካርቶኑን ይዤ ስወጣ፣
ከኒሙ ጥላ ሥር አው ሮብሌ፦ «ምነው፣ ፊትህ ተቆጣ?»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ምድር ባቡር የሠራ፣
«አንቱ ካልከኝ አልመልስም» የሚል የድሬ ሽማግሌ ነው።
ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም። ነገርኩት ግን፤
የተናደደ ሰው ለግንብም ይነግራል።

«ትንሽ አለ፣ ትልቅ አለ፣ ትልቁ…»
አቋረጠኝ።
«ወደ አዋሽ ስንወጣ፣ ዳገቱ ሲጠና፣
ሁለት ማሽን እንቀጥል ነበር፣ አንዱ አይችለውምና።
አንድ ቀን ባቡሩ ጣረ፣ አቃሰተ፣ ቆመ፤
ሼፉ የፊተኛውን ፈተሸ፣ ቀባ፣ ሰደበ፣ ደከመ።
እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ።
የሁለተኛው ሾፌር እንደ ተሳፋሪ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል።
ፉጨት የሰጠው የለማ!
ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ አንዲት ክንድ አይገፋም፣ ይጎተታል።
‹ሙሴ፣› አልኩት ሼፉን፣ ‹ይሄ ጭነት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።
ለሁለተኛው ማን ነገረው?›»

ካርቶኑን እዚያው ጥዬው ተመለስኩ።
ከማስተካከያው ሆድ፣ ሦስት በር አልፌ፣ አንድ ዝርዝር አገኘሁ፤
ከጌሙ ስም ትይዩ «ኃይል ቆጣቢ» የሚል አየሁ።
ትንሹ ነበር እስካሁን ዳገቱን የተሸከመው፣ ብቻውን፣
እኔም ስሰድብ ያደርኩት እሱኑ።
ትልቁ ከጎኑ ተኝቷል፤
ዜሮ ፐርሰንት፣ አንድ፣ ዜሮ።
«ከፍተኛ ብቃት» የሚለውን ነካሁ።

ከውስጡ አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ።
ስልሳ።
ስልሳ አንድ።
ዛፎቹን መለስኩ፣ ሣሩን መለስኩ፣
ለየሰዉ ጥላውን እግሩ ሥር አነጠፍኩ።

ከመግሪብ በኋላ አው ሮብሌ መነጽሩን እየጠረገ ገባ።
መሪውን ሰጠሁት።
ሁሉም ያልፉታል፤ እሱ በየኩርባው ይቀዘቅዛል፣
«ፉጨቱ የት ነው?» ይላል።

ከዚያ መብራት ሄደ።
ቬንትሌተሩ እያዘገመ ቆመ፣
ከከዚራ እስከ መጋላ ጨለመ፤
ትልቁም ወዲያው ተኛ፣ ባትሪ አይችለውም።
ቁጥሯ ወረደች፣ ወረደች፣ አሥራ አንድ ላይ ረጋች።

«አሁንስ?» አለ አው ሮብሌ፣ ፊቱ በስክሪኑ ብቻ እየታየ።
«አሁን የፊተኛው ብቻ ነው።»
«እንግዲያ አትስደበው» አለ፣
እጁን ከመሪው ሳያነሳ።