ልኬት

ሰፊ ነኝ በሙያዬ፤ ሱቄ ግን ጠባብ ናት፣
ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው የማይቆምባት።
ሁለት መኪና አለኝ፤ የስፌት ነው፣ አትቅና፤
አንዱ ክር ይበጥሳል፣ አንዱ ደህና ነው ገና።

በየዓመቱ፣ ሙቀቱ ሊበርድ ሲል፣
ከፖሊስ ማሰልጠኛው ይመጣል ምልምል፣
የታደለው ልብስ ሰፍቶት፣ ወይ ብብቱ ላይ ይዞት፣
«ሙዓሊም፣ ለነገ ሰልፍ አድርስልኝ» የሚል።
ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ እለካለሁ፣
ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ በአማርኛ እጽፋለሁ።
ደብተሬ ውስጥ አለ የከተማው ዘብ ሁሉ፤
ሲቀጠሩ ሸንበቆ፣ ሲሾሙ በርሜል የሚያህሉ።

ዘንድሮ ሰይፍ መጣ፣ የዚያ የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣
ከኔ ሙአዝ ጋራ ኳስ እየጠለዘ ያደገ በዚህ ደጅ።
በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሆስፒታል የተወለዱ፣
አንድ መስታወት ሰብረው፣ ተያይዘው የነጎዱ።

ማስታወቂያው የወጣ ጊዜ
ሙአዝ ነው ከስልኩ ያነበበልኝ፤ እኔ ቁልፍ ስተክል።
«ዕድሜ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አራት።»
አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል።
«ቁመት፣ ከመቶ ስድሳ አምስት ያላነሰ።»
እኔው ለክቼዋለሁ፤ መቶ ሰባ ስምንት፣ ያለ ጫማ።
«ዓይኑ መነጽር የማይሻ።»
ሲጨልም መርፌዬ ላይ ክር የሚሰካልኝ እሱ ነው።
«አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ።»
ወረቀቱ ከቁም ሣጥኑ አናት አለ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።
«ጠባዩ የተመሰከረለት።»
ቀይ መብራት ሲበራ፣ መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ፣
ክንዴን ይዞ የሚያስቆመኝ ማን ሆነና?
በየመስመሩ አናቴን ስነቀንቅ
እንደ ሰርግ ዋዜማ ልቤ ሞቅ አለ።
ከዚያ አንዲት መስመር ቀረች።
ሙአዝ ለራሱ አነበባት፤
ስልኩን ኪሱ ከተተና
«ሻይ ላምጣ?» አለኝ፣ «ስኳሩ ቀነስ ይበል?»

ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው፤
ከሚሴን በፎቶ ነው የሚያውቃት።
«ልክህን እወቅ» ይላል ያገሬ ሰው ሲቆጣ፤
የስንቱን ልክ አውቃለሁ፣
ይቺን ግን ሜትሬ ላይ ፈልጌ አጣኋት።

ሰይፍ ታዲያ ቸኩሏል፤ አውቶቡሱ ቆሟል ደጅ፤
«ሙአዝ ይለካልኝ፤ አንድ ቁመት ነን» አለኝ ያ ልጅ፣
በቅንነት። ልብሱን ጣለልኝና ሮጠ።

ሙአዝ መጋረጃዋን ገልጦ ሲወጣ
የያዝኳት መርፌ መግቢያ አጣች።
ኮሌታው፣ ትከሻው፣ የሱሪው አወራረድ፤
እንዲህ ያለ ልክ በሠላሳ ዓመት ሁለቴ አላየሁም።
ኮፍያውን ደፋ። መስታወቱን አላየም፤ እኔን አየ።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ፤
የጎረቤቴ ልብስ ተኳሽ፣ ሻፊቁል፣
መቀስ ሊዋስ መጥቶ ድንጋይ ሆነ።
እጁ ሳያዘው ኪሱን ዳበሰ፤
የመኖሪያ ፈቃዱን አወጣ፣ በሁለት እጁ ዘረጋ።
«እኔ ነኝ እኮ፤ ሙአዝ ነኝ» አለው ልጄ።
ሻፊቁል እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሙአዝ ግን ካርዱን ተቀብሎ
ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ ቀኑን አየ፣
በሥርዓት መለሰለት፦
«ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ቶሎ አሳድስ።»

«አውልቀው» አልኩት፤ «ሊተኮስ ነው።»
በደብተሬ፣ ከሰይፍ ስም ሥር፣
የልጄን ደረት፣ የልጄን ክንድ ጻፍሁ።

ማታ ሰይፍ መጣ፤ ለበሰ፣ ዞር ዞር አለ።
ያሳደገችው ሞግዚት የወረባቦ ልጅ ነበረችና
በሷ ቋንቋ፣ በሷው ቅላጼ፣
«ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ልክ ነው» አልኩት፤
ልብሱን ማለቴ ነው።