ዘጠኝ መቶ አርባ ፍሬ

እህቴ ጦይባ፣ ከቤሩት ስትገባ፣
ሻንጣዋ ቢከብደኝ ወርቅ መስሎኝ ነበር፤
በፎጣ ጠቅልላ ያወጣችው ግና
የመጫወቻ ቤት፣ ዘጠኝ መቶ አርባ
ፍሬ የፕላስቲክ ጡብ፣ ከጥፍር የማይበልጥ።
"ለሉባባ" አለች።

ክዳኑ ላይ ሥዕል፦ ነጭ ቤት፣ ባለ ፎቅ፣
በረንዳው ባሕር ላይ የተንጠለጠለ፣
የዋና ገንዳ፣ ጀልባ፣ ዘንባባ፣ ጃንጥላ፣
እና አንድ ሰውዬ ጥቁር መነጽር ያደረገ
በጀርባው ተንጋሎ ፈገግ እንዳለ።

"የባሕር ዳር ቤት ነው" ስትል ልጄ በኩራት፣
ጋሽ ይመር ከደጅ አንገቱን አስግጎ
"አውቀዋለሁ፣ ከጣናው ፊት ለፊት" አለ።
ማንም አላረመው።

እኛ ደሴ ነን፣ ከጦሳ ሥር። እዚህ ውሃ ማለት
በሳምንት አንድ ሌሊት የሚያስነጥስ ቧንቧ።
ባሕር የሚመስል ነገር ካየን ጉም ነው፤
በሐምሌ ከገደሉ ተነሥቶ ይመጣል፣
ፒያሳን ይውጣል፣ ሸዋ በርን ይውጣል፣
መኪናው መብራቱን አብርቶ ይዋኛል።

በዚያው በሐምሌ፣ ሰሌን ላይ ተንበርክከን
ጀመርነው።
እኔ ግንበኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
ኮምቦልቻ ወርጄ ድንጋይ ጠርቤአለሁ፣
የሰው ቤት ጨርሼ፣ ቁልፉን አስረክቤ፣
ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ብሬን ቆጥሬአለሁ።
ቱንቢ ያልወረደለት፣ ውሃ ልክ ያላየው፣
መሠረት የሌለው ቤት ሠርቼ አላውቅም።
ይሄ ግን ቀጭ ሲል ገጠመ። ቀጭ፣ ገጠመ።
አሸዋ አልተነፋ፣ ጭቃ አልተረገጠ፣
ሲሚንቶ ጨመረ ብሎ ማንም አልደነገጠ።

"አባ፣ ተሳስተሃል። ገጽ አሥራ አራትን እይ።"
መሐንዲስ ሲቆጣኝ እንደለመድኩት
"እሺ" ብዬ አፈረስኩት።

ጦይባ ከአልጋው ጫፍ ዝም ብላ ታየናለች።
በሦስተኛው ቀን፣ ጣሪያውን ልንከድን ስንል
"ቆዩ" አለች። ወረደች። ጣቷን አስገባች
ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣው ኋላ።
"እዚህ ጋ በር ነበር። ረስተውታል።
ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ፍራሽ ታጥፎ ይገባል፣
እግር ሲዘረጋ ባልዲውን ይነካል።
መስኮት የለውም። ባሕሩ ግን" አለች፣
"በግድግዳው አልፎ ሌሊት ይሰማል።
አምስት ዓመት ሙሉ ሰማሁት እንጂ
እግሬን አልነከርኩም።"

ሉባባ መመሪያውን ከፊት ወደ ኋላ፣
ከኋላ ወደ ፊት ገለጠች።
"ጦይቤ፣ አልተሣለም።"
"አዎ" አለች እህቴ። "አይሣልም።"

ያኔ ነው እኔ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ፕላን ያጠፍኩት።
ከመኪናው ቤት ስምንት፣ ከገንዳው ዳር አሥራ አንድ
ጡብ ነቀልን። ባለ መነጽሩን
"ይቅርታ ጌታዬ" ብለን ወደዚያ አስጠጋን።
ፎቅ ላይ፣ በባሕሩ ፊት፣ ክፍል ጨመርን፣
ሁለት መስኮት ያላት።
ቀለሙ አልተስማማም፤ ነጩ ላይ ቀይ ሆነ፣
ከሩቅ የሚታይ።
ይታይ።

የሚገባባት ሰው ግን በሳጥኑ አልነበረም።
ሉባባ አረንጓዴ የሸሚዝ ቁልፍ ፈልጋ
መስኮቱ ላይ አቆመች። "ይቺ አንቺ ነሽ።"
ጦይባ ጎንበስ አለች፣ አየችው፣ አየችው፣
"ወፍሬአለሁ" አለች።

ሰኞ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ የአንድ ነጋዴ ቪላ።
መሐንዲሱ ወረቀቱን ድንጋይ ላይ ዘረጋ።
ከጥጉ፣ "ሰርቪስ" የምትል ጠባብ ሳጥን አየሁ፣
አቧራ የጠጣ ጣቴን አሳረፍኩባት።
"መስኮቱስ?" አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ።
ብሎኬቱ በእጄ ነው። ገና አላስቀመጥኩም።