የአባት ስም

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ፣ አባቴ ግን ዶሮ አርቢ፤
ከንጹሕ ገብስማ በቀር ሌላ ዘር አይዘልቅም ግቢ።
የበሩ ሳንቃ መዝገብ ነው፣ በእርሳስ የተሞላበት፦
የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የተፈለፈለች ዕለት።

አንድ ማለዳ የወይዘሮ ብርቄ አውራ፣ ያ አንገተ መላጣው፣
ቆርቆሮውን ዘሎ ገባ፤ እስኪደረስ ማን ያውጣው?

«ሆዷ አይረሳውም» አለ አባቴ፣ «ሦስት ሳምንት እስኪሞላ።»
እስክትረሳው ጠዋት ማታ እንቁላል ስንበላ ስንበላ፣
እኔ አንዱን፣ ገና ትኩሱን፣
ከታቀፈችው ሥር ሸሸግሁት።
በሃያ አንደኛው ቀን ወጣ፣
አንገቱ እንዳለ ራቁት።

አባቴ መነጽሩን ጠርጎ ጫጩቱን አየ፣ እኔን አየ፤
እርሳሱን በምራቁ አርሶ ሳንቃው ፊት ቆመ፣ ቆየ፤

የእናት ስም፦ ገብሴ፣ አራተኛዪት።
የአባት ስም፦
ጎረቤት።