በግድግዳ በኩል

ከሪዮኒ ወንዝ ዳር፣ ኩታይሲ ከተማ፣
ሊዘጋ ነው አሉ አሮጌው ሲኒማ።
መድኃኒት ቤት ሊሆን፣ ቁልፉን ሊረከቡ
ሰኞ ይመጣሉ። ወጣቶች ከበቡ
ፊልም አጫዋቹን ቫርላምን፣ ዓይነ ደካማውን፦
«ሰው አንዴም ሳያየው ቢሞት የሚያስቆጨውን
አሥር ፊልም ጻፍልን።»

ጻፈ፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ፦
ባቡሩ ሲነሣ እጇን ያላውለበለበች ሴት ያለችበትን፣
ሁለት ሰዓት ሙሉ ጫማ ሰፊው ቃል የማይተነፍስበትን።
ያ ዝናቡ የሚያምረውስ? መጨረሻው ውሸት ነው፤ ሰረዘው።
ያ አዋቂ ሁሉ የሚምልበትስ? ያስተኛል፤ ሰረዘው፤
አፈረና መልሶ ጻፈው።
ሰባተኛው ላይ እርሳሱ ዶለዶመ።

ናቴላ ከትኬት ሣጥኗ፣ ሳንቲም እየደረደረች፣
«እኔ አንዱንም አላየሁ» አለች።
«ሠላሳ ዓመት በግድግዳ በኩል፣ በጆሮዬ።
ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ለብቻዬ፤
ጭጭ ሲል አንዱ ሞተ እላለሁ፣
ማን እንደሆነ ሳላውቅ።»

ቫርላም ፓኮውን ጨመደደ።

እሑድ ማታ፣ ባዶው አዳራሽ መሐል አስቀመጣት፣
መብራቱን አጥፍቶ የባቡሩን ከፈተላት።
ነጭና ጥቁር ብርሃን ጉንጯ ላይ ተርመሰመሰ፤
ከንፈሯ፣ ከተዋናዩ ቀድሞ፣ ንግግሩን ጨረሰ።
ወንዱ በፉርጎው መስኮት ብቅ ሲል ግን
ዓይኗን ጨፈነች።
«ምነው?» አለ ከላይ፣ በማሽኑ ቀዳዳ።
«ይሄኛው አጭር ነው» አለች።
«የኔ ረዥም ነበር፤ ድምፁን የሚያህል ረዥም።
ዝም በል ትንሽ፣
ልሸኘው።»