የአምባዛ ጢም

ምንይችል ማለዳ፥ ከዘጌ ቀዝፎ፥
ደንገሉን ሰንጥቆ፥ ካፊያውን አልፎ፥
በቢጫ ጀሪካን፥ ይዞልኝ መጣ
ከሣር የለቀመው፥ የአምባዛ ጣጣ።
«ስንት ይሆናል?» ስል፥ ሳቅ ብሎ ያየኛል፤
«የተማርሽ አንቺ ነሽ፥ ቁጠሪው» ይለኛል።

ቆጠርሁት። ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤
ሠላሳው ነጥቷል፥ ሞቶ ገና በመንገድ።
የቀረው ሕያው ነው። በመስታወት ሳሕን
በዓይኔ ፊት ይከፈላል፥ አንዱ ሁለት ሲሆን፥
ሁለቱም አራት፥ አራቱም ስምንት፤
ቆሜ አየዋለሁ፥ እስኪዝል ጉልበት።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት፥ እንዲህ ነው ነገሩ፦
ቀረሶ ልሙጥ ነው፥ የተላጨ ከንፈሩ፤
አምባዛ ግን ጢም አለው፥ ስምንት በቁጥሩ።
ሁለቱም ከአንድ ሕዋስ፥ ከእንቁላል ከጀመሩ፥
«ጢም እዚህ ጋ ይብቀል» ያለው፥ ማን ይሆን መምህሩ?

ሦስት ዓመት ሞላኝ፥ አንድ ዘረመል ስከስስ፤
ስሙ ቁጥር የበዛው፥ ምላስ የሚበጥስ።
ጢም ሊወጣ ሲል ነው፥ ፕሮቲኑ የሚታየው፤
ጢም ሲወጣ ደግሞ፥ ይጠፋል ደብዛው።
ይህ ካላስከሰሰ፥ ምን ያስከስሳል ታዲያው?

በመስታወት መርፌ፥ ግማሹን ወጋሁ፤
የዚያን ዘረመል አፍ፥ ለጎምሁ፥ ዘጋሁ።
ጢም አልባ ከቀሩ፥ ክሴ ጸና ማለት ነው፤
ካወጡስ? ይህን ያኔ፥ ማን አስቦት ነው።

አንሙት የኛ ቴክኒሻን፥ ዋሸራ ቅኔ ተምሯል፤
ጠብታ ሲለካ ዛሬም፥ ከንፈሩ ቤት ይመታል።
«ይህማ ሰምና ወርቅ ነው» አለኝ፥ ጓንቱን እያጠለቀ።
«ተወኝ አንሙት! ሰሙም ወርቁም ፕሮቲን ነው፥ ከሞቀ አለቀ።»

አፌ ነው የጠራው። በማግስቱ ሌሊት
ባሕር ዳር ጨለመች፥ መብራቷ ጠፋባት።
ጄኔሬተሩ ሳለ፥
ሁለቴ ሳለና፥ ነዳጄ አልቋል አለ።
ማቀዝቀዣው ውስጥ፥ ሰባት ወር ጉምሩክ የከረመች፥
አንቲቦዲዬ ነበረች፥ ጥፍር በምታህል ብልቃጥ የተኛች።
በጀታችን ተጨምቆ፥ እሷን ብቻ ወለደ፤
እሷ ከሞቀች፥ ሦስቱ ዓመት ገደል ወረደ።

ለምንይችል ደወልሁ፥ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
«በረዶ አምጣ» ስለው፥ አልጠየቀኝም ምክንያት።
ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፥ ከመጋዘኑ ቆፍሮ፥
በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ፥ በባጃጅ መጣ በርሮ።
ቅርፊት የተጣበቀበት፥ ዓሣ ዓሣ የሚሸት በረዶ፤
እዚያ ውስጥ ቀበርናት፥ እጃችን ደንዝዞ በርዶ።

አልሞተችም።

ሽሎቹን ቀለም አልብሼ፥ አጥቤ፥ ደግሜ አጥቤ፥
ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ፥ እየመታ ልቤ።
በተወጉት ላይ አረንጓዴው የለም፤ ጠፍቷል ፕሮቲኑ በሙሉ።
ጢሞቹ ግን፥ ቆጠርኋቸው፥ ስምንት! እንዳሉ አሉ።
ደግሜ ቆጠርሁ። ስምንት።
አንሙትም ቆጠረ፥ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ስምንት።

ምንይችል ለከረጢቱ መጣ፤ «እህ፥ ጢሙን ማን ሠራው?»
«የከሰስሁት አይደለም፤ እሱ ታስሮ ሳለ ተሠራ ሥራው።»
«ዘመድ የለውም?» አለኝ፥ ከረጢቱን እያራገፈ፤
«እኛ ጋ ሰው ቢታመም፥ መሬቱ ጦም አያድርም፤
የወንፈል ጓዱ አርሶለት አለፈ።»

ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን፥ ፊደል ሳስተያይ አደርሁ፤
በሌላ ክሮሞሶም ላይ፥ አንድ ወንድሙን አገኘሁ፥
መንታው ሊሆን፥ ጥቂት ሆሄ የቀረው።
ያኛው አፉ ሲዘጋ፥ ይሄ ይሆን ሞፈሩን ያነሣው?
ይሆናል። አላውቅም። እሱንም መክሰስ ነው፤
ለእሱ ደግሞ አንቲቦዲ፥ ሌላ ሰባት ወር ነው።

ከሳሕኑ ጥግ፥ መርፌም ቀለምም ያልነካቸው
ትንንሽ አምባዞች ይዋኛሉ፥ ማን እንደሠራቸው ግድ ሳይሰጣቸው፤
ስምንት ስምንት ጢማቸውን፥ በጨለማው ዘርግተው፥
የመስታወቱን ዳር ይዳስሳሉ፥ በር አለው ብለው።