ፈታኝ

ብሩክስ ላይ ጥር ነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
መኪናዬ እንኳን ዛሬ በስንት ልመና ተነሣ።
እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
እርሳስ እቀርጻለሁ፣ ጥያቄውን ሳላይ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ቢላ የጨበጠ እጅ፣
በሬ ያንጠለጠለ ሰንሰለት ሲመጣ ያልደነገጠ እጅ፣
ጅማትና አጥንት የሚለያዩበትን በዳበሳ የሚያውቅ፣
ዛሬ ለአንዲት እርሳስ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው እንዳያየው እስክሳቀቅ።

የመብራት ሙያ ልማር ብዬ ነው፤ በሩን ሒሳብ ይጠብቃል።
ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስሠራውማ ይሳካል፤
ልጄ ማርዳ ትመስክር፣ በቀይ እስክሪብቶ ያረመችኝ፣
«አባዬ፣ ሁሉንም አገኘህ» ብላ ያጨበጨበችልኝ።

እዚህ ስቀመጥ ግን ከወረቀቱ በፊት የሚገለጥ ሌላ ነው፦
የሰባተኛ ክፍል ካርዴ።
ደረጃ፦ ከስድሳ አንድ ተማሪ ስድሳኛ።
(ስድሳ አንደኛው መንግሥቴ ነበር፤ ወባ ይዞት ፈተና አልተቀመጠም።)
ከካርዱ ሥር የጋሽ ድንበሩ ድምፅ፦
«ቁጥር ላንተ አልተፈጠረም።»

እኔ ስንት ፎርም ሞልቼ፣ ስንቴ ተጠርቼ የተሻገርኩትን ባሕር፣
ይህ ቃል ያለ ቪዛ፣ ጆሮዬ ውስጥ ተኝቶ መሻገር!

አንደኛው ጥያቄ፦ አላውቀውም። ሁለተኛው፦ አላውቀውም።
ሦስተኛው ላይ ጠረጠርኩ፦
ጥያቄውን ነው የማላውቀው፣
ወይስ አጥንቼ የመጣሁት «አላውቅም» የሚለውን ነው?

እርሳሱ ከእጄ አመለጠ።
ፈታኙ፣ ሚስተር ፍሪሰን፣ ጡረታ ወጥቶ ዝምታ የሚጠብቅ ሽማግሌ፣
ጎንበስ ብሎ አነሣው። ምንም አላለም፤ ማለትም አይፈቀድለት።
ሹሉን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ደንዳናውን ወደ እኔ፣
ልክ እኛ ፋብሪካ ቢላ እንደምንቀባበለው፣ አቀበለኝ።
እጄ ያንን አወቀው። ከእኔ ቀድሞ አወቀው።

ሰባተኛው ጥያቄ፦ ግድግዳ፣ የተደገፈ መሰላል፣ ያልተነገረ ቁመት።
ይሄንን መሰላልማ፣ ባለፈው በጋ የጎረቤት ጣሪያ ስጠግን ወጥቼበታለሁ!
ከሰባት ጀመርኩ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሄድኩ።
ጋሽ ድንበሩ ከጆሮዬ አልወጡም፤
ድምፃቸው ግን ተራ ጠበቀ።

ውጤቱ ገና ነው።
ማታ ማርዳ ከበረዶው ስትገባ፣ የእርሳሱን ነገር ጀመርኩላት።
«ከዚያስ ሰውዬው ምን አደረገህ?»
«ፈታኝ» አልኳት።
«እሱማ ሥራው ነው» አለች፣
የጫማዋን ክር እየፈታች።