ካንዴላ

ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው አጥር ጥግ፣ ከኑርዬ ጋራዥ ደጅ፣
ቀይ ናት፤ ባለ ሁለት በር፤ አንገቷን የሰበረች ልጅ።
ወገቧ መሬት የቀረበ፣ ዓይኗ ከግንባሯ የሚወጣ፤
ማን እንደሆነ እንጃ፣ በጅቡቲ በኩል ያመጣ።
ሻጩ ሸጋው ይባላል፤ ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል፤
«በባጃጅ ዋጋ ነው ወንድሜ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይቀራል?»

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቾክ የነጣው ኮት ለባሽ፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ታክሲ ተመላላሽ።
ዕቁቤ ማክሰኞ ወጣልኝ፤ ብሩ ትራሴ ሥር አለ፤
ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ቀለም በእንቅልፌ መሃል ዋለለ።

ኑርዬ ኮፈኑን ገልጦ ጎንበስ አለ፣ ሞተር ነካ፤
ኮፈን ከከፈን የራቀው ባንዲት ፊደል ነው ለካ።
የዘይቱን ክዳን ፈታ፤ ከሥሩ እርጎ መሰል ነጭ፤
«ይኸውልህ መምህር፣ ዘይት ውስጥ የፈለቀ ምንጭ።
ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፤ ቴስታው ተጣሞ እንደሁ አላውቅም፤
ሳይፈታ ወላሂ የሚል መካኒክ ለማንም አይጠቅም።»
አንዱን ካንዴላ በሌላ ተክቶ፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው፤
ጫፉ ጥቁር፣ ረጥቧል፤ ዘይቱ ነው የለወጠው።
«ፈረስ በጥርሱ ነው» አለኝ፣ «መኪናም በዚህ ይገዛል።»
ሸጋው ሳቀ፦ «ሐረጎን ይዟት ይውጣና፤ ከዚያ ልቡ ራሱ ያዛል።»

ገባሁ። ወንበሩ ዝቅ ይላል፤ አስፋልት የነካሁ መሰለኝ፤
ነዳጁን ጫን ስለው፣ ግማሽ ዕድሜዬ በመስኮት ወጥቶ ተወኝ።
ቦርከናን ስሻገር የአሥረኛ ቢ ልጆች «ቲቸር ነው!» ብለው ጮኹ፤
ጥሩምባ ነፋሁ።
እኔ! ጥሩምባ ነፋሁ፤ ኮራሁ።

ሐረጎ መሃል ስደርስ መርፌው ወደ ቀይ ዘመመ፤
መጀመሪያ ጭስ፣ ከዚያ እንፋሎት፤ ልብ ሊሆን ያሰበ ብረት ታመመ።
አንድ አይሱዙ፣ ሽንኩርት ጭኖ፣ እያዘገመ አለፈኝ ቀድሞ፤
ረዳቱ ከላይ ሆኖ፦ «አብሽር አያ! ውሃ አጠጣት፤ ቀይ ይጠማታል ደግሞ!»
ከመንገድ ዳር ካለች ቤት አንዲት ሴት ጀሪካን ሰጠችኝ፤
«ያንተ ናት?» አለች። ይህቺን ሁለት ቃል ጋራዥ ውስጥ ማን ጠየቀኝ?
አይደለችም ማለት ነበረብኝ።
«ገና» አልኩ።

ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሆን፣ ሒሳቡ አንድ መስመር ነው፦
ዋጋዋ፣ ሲደመር ጓርኒሲዮን፣ ሲደመር ቴስታ መላጊያው፣
ሲደመር ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለ፣ የማይመጣ ዕቃ፣
ሲባዛ በሐረጎ ጥምዝ ቁጥር። መልሱ አይሆንም ነው። በቃ።
ግን መልሱን ያወቀ ተማሪ ሁሉ እጁን ያወጣል እንዴ?
ስንቱን ነው እኔስ ዝም ያልኩት፣ መልሱ እየተናነቀኝ ከሆዴ።

ሞተሯን አጥፍቼ፣ ፍሬን በሁለት እግሬ ይዤ፣ አዞርኳት፤ ወረደች።
ያለ ድምፅ። ያለ ሕመም። እንደ ውሃ ፈሰሰች።
ቁልቁለትማ ምን ይጠይቃል፤ ጋሪም ቢሆን ይሮጣል፤
ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን
እጄን ከመሪው አላላቀቀውም።

ማታ ጦይባ ከሐኪም ቤት ተረኛ መጥታ፣ ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝ፤ አልተቆጣችም።
«ሁለት በር ነው ያልከኝ? እኛ አምስት ነን። ማንን ነው በመስኮት የምትጨምረው?»
መብራቱ ጠፋ። ቆየች። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፦
«ለመሆኑ… ድምጿ እንዴት ነው?»

ሌሊቱን ሐረጎ ላይ ዘነበ። ኮቴን ስሰቅል ኪሴ ከበደኝ፤
ካንዴላው። ረስቼ ይዤው መጥቻለሁ፤ ሽታው እጄ ላይ ቀረኝ።
የሰው ዕቃ ነው፤ መመለስ አለበት።
(ኑርዬ ወደ ቆሻሻው እንደሚወረውረው አውቃለሁ።)
ነገ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ክፍት ነው፤
ጋራዡ ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ፣
ከሮጥኩ ስድስት።